ከእንጨት ቤቶቹ ጀርባ

ጋሽ አሊዪ ሰው ማመንን ገና በወጣትነታቸው፣ ከማንጎ ደላሎች ጋር ሲከራከሩ ጥለውት የመጡ ሰው ናቸው። ማንጎ ሲገዙ የላይኛውን ረድፍ ዞር ብለው አያዩትም። ሣጥኑን ገልብጠው ከሥር ያለውን ነው የሚያሸቱት። ስለዚህ የረድዋን ሽማግሌዎች ልጃቸውን ኑርሃንን ሊጠይቁ ለሦስተኛ ጊዜ ደጃቸው ላይ ሲቆሙ፣ እንደ ወትሮው «እስቲ እንመካከርበት» ብለው አልሸኟቸውም።

«ስሙኝማ፣ ልጁን አውቀዋለሁ። አባቱንም አውቃለሁ። የማላውቀው ሥራውን ነው። ኖርዌይ የሚባል አገር፣ በርገን የምትባል የወደብ ከተማ ውስጥ፣ ፈረንጅ አስከትሎ በእግሩ እየዞረ የድሮ ቤት ያሳያል አላችሁኝ። እየተራመዱ ማውራት እንጀራ የሚሆን ቢሆንማ የሸዋ ሮቢት ሰው በሙሉ ባለፎቅ ነበር! ሲሠራ በዓይኔ ልየው» አሉ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ሲያሻሽጡ የኖሩት ሐጂ ኸድር ናቸው። ሁለተኛው አስፋልቱ ዳር ሆቴል ያላቸው ጋሼ መስፍን ሲሆኑ፣ ረድዋን ከመሄዱ በፊት አስተናጋጅ ሆኖ የሠራው እሳቸው ዘንድ ነበር። ሦስተኛው በዕድሜ የገፉ ሼህ ናቸው፤ ለክብር ይምጡ እንጂ ከተቀመጡ ጀምሮ እንቅልፋቸውን እየተኙ ነው።

«በስልክ ይታያላ!» አሉ ጋሼ መስፍን።

በዚሁ ተስማሙ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ረድዋን ሥራ ላይ እያለ በቪዲዮ ይደውላል፤ ጋሽ አሊዪም ከአስር ሶላት በፊት ቁርጡን ይናገራሉ። ከዚያ በላይ ማቆየት አይቻልም፤ እሑድ ከካራቆሬ የአንድ የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ረድዋን ለጎብኚዎቹ የሚናገረውን እንግሊዝኛ የምትተረጉመው ደግሞ ራሷ ኑርሃን ናት፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለችና።

አባቷ ሲጠራጠሩ ያየ ሁሉ ለኑርሃን አዝኖ ነበር። ከአባቷ ይልቅ እሷ እንደምትጠራጠር ግን ማንም አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ረድዋን በየቅዳሜው እየደወለ የድሮውን ወደብ አስጎብኝቷታል። በመጀመሪያው ዓመት በመንገደኛ እጅ በላከላት ደብዳቤ ውስጥ የከተማዋን ካርታ በእርሳስ ስሎ ሰድዶላት ነበር። ያንን ካርታ የተማሪዎቿን ደብተር ከምታውቀው በላይ ታውቀዋለች። የዓሣ ገበያው እዚህ፣ በአንድ ረድፍ የቆሙት የእንጨት ቤቶች እዚያ፣ የድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ። ከእንጨት ቤቶቹ ጀርባ ደግሞ አንዲት ጠባብ መንገድ ተስላለች፤ እሷ ላይ ብቻ ስም አልጻፈባትም። በየሳምንቱ ጉብኝታቸው የሚያልቀው እዚያች መንገድ አፍ ላይ ሲደርስ ነው። «ጉብኝታችን እዚህ ላይ ያበቃል፣ እመቤቴ!» ይልና ስልኩን ይዘጋዋል።

ከሁለት ወር በፊት ግን ከመዝጋቱ በፊት የሴት ድምፅ መጣ። ሴትዮዋ እየሳቀች «ረድዋን!» ብላ ጠራችው፤ አንድ ቀይ ጃንጥላ በስክሪኑ ጥግ ብቅ አለ፤ ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። መልሳ ብትደውል አላነሳም። በኋላ ሲደውል «ኔትወርክ ነው» አላት። ኔትወርክ የሚጠፋው ሸዋ ሮቢት ነው እንጂ በርገን ላይ ይጠፋል እንዴ ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሱን ፈርታ ዋጠችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁሉንም ነገር ትለቅም ጀመር፤ ጃኬቱን ሁልጊዜ እስከ አንገቱ ለምን ይዘጋዋል? እጁን ለምን አያሳይም? ለሁለት ወር የምትወደውን ሰው እንደ ሌባ ስትጠብቅ ኖራ ራሷን ጠልታለች።

ቅዳሜ ደረሰ። ጓሮ ካለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ተደረደረ፤ ስልኩን ማንጎ በሞላ ሣጥን ላይ አቆሙት። እናቷ ሰይዳ «እኔ ሥራ አለብኝ» ብላ ቤት ገባችና መስኮቱን ከፍታ ከጀርባው ቆመች። ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል። ስልኩ ጠራ፤ ረድዋን ብቅ ሲል በርገን ላይ ዝናብ ያካፋ ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጋሽ አሊዪ። ሐጂ፣ እንደምን ዋሉ? ጋሼ መስፍን፣ ጤና ይስጥልኝ» አለ። ዓይኑ ከሁሉም መሀል ኑርሃንን ፈልጎ አገኛት፤ አንድ አፍታ አረፈባትና ቶሎ ሸሸ።

ምን አድርጎ ነው የሚሸሸኝ ስትል አሰበች።

ከኋላው ጃንጥላ የያዙ ሰዎች በርከት ብለው ቆመዋል። ረድዋን ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረ፤ እሷም ተከትላ መተርጎም ጀመረች። የእንጨት ቤቶቹ ቀይና ቢጫ ቀለም ተቀብተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይታያሉ።

«ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ከተማው በእሳት ሲወድም፣ በድሮው መሠረት ላይ መልሰው ሠሯቸው ነው የሚለው። ነጋዴዎቹ እሳት ስለሚፈሩ ክረምቱን ያለ ማገዶ ነበር የሚያሳልፉት። ምግብ የሚበስለው ለብቻው በተሠራ ቤት ነው።»

«ይሄኛው ዘሟል» አሉ ጋሽ አሊዪ ጣታቸውን ወደ ስልኩ ቀስረው።

«መሬቱ እርጥብ ስለሆነ ነው ይላል፣ አባ።»

«የዘመመ ቤት ለማየት ነው ፈረንጁ ትኬት ቆርጦ የሚመጣው? ታዲያ የኔን መጋዘን ለምን አይጎበኙልኝም?»

ጋሼ መስፍን ሳቁ፤ ኑርሃን አልሳቀችም። ረድዋን ወደ ዓሣው ታሪክ አለፈ። ዓሣው ከሰሜን በመርከብ ይመጣ ነበር፤ ያለ ጨው፣ በብርድ ነፋስ ብቻ ደርቆ ዓመታት ይቆያል።

«ያለ ጨው?» አሉ ሐጂ ኸድር ከወንበራቸው ቀና ብለው። «የይፋት ሰው ጨው ፍለጋ በግመል ስንት ቀን ሲጓዝ የኖረ ነው። ዓሣ ያለ ጨው ደርቆ፣ ሳይሸት ዓመት ሊከርም? ይሄ ልጅ ዋሽቷል!»

«ወላሂ እውነት ነው፣ ሐጂ!» አለ ረድዋን ከወዲያ በአማርኛ።

ማለ እንጂ ማንም አላመነውም። የዓሣው ነገር ግን እውነት ነበር።

«ቀጥል» አሉ ጋሽ አሊዪ።

«ከባሕር ማዶ መጥተው እነዚህ ቤቶች ውስጥ የሚነግዱት ሰዎች እዚህ እስካሉ ድረስ» ስትል ተረጎመች ኑርሃን፣ «ሚስት ማግባት... ክልክል ነበር።»

«ክልክል ነው ማለት የለም ማለት ነው እንዴ?» አሉ ጋሼ መስፍን። «እኔ ሆቴል ያለኝ ሰው ነኝ፤ እኔን ጠይቁኝ።»

ለቀልድ ያሉት ነገር ኑርሃን ደረት ላይ አረፈ። ቀይ ጃንጥላው ትዝ አላት። ያ ታሪክ ለጎብኚ የሚነገር ነው ወይስ ስለ ራሱ እየነገራት ነው? ከእንጨት ቤቶቹ ጀርባ ማን አለ?

ይሄኔ ሐጂ ኸድር ጎንበስ ብለው ስልኩን ቀረብ አድርገው አዩ። ሰውዬው ከብት ሲያዩ ጥርሱን ብቻ ሳይሆን አካሄዱንም የሚያዩ ናቸው።

«አሊዪ፣ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «መንጋ የሚነዳውን ሰው ያውቀዋል። ነጂው ድምፅ ሲያሰማ ጆሮውን ወደ እሱ ይጥላል። እነዚህ ሰዎች ግን ልጁ ከጀመረ ጀምሮ አንዳቸውም ወደ እሱ ዞር አላሉም።»

ሁሉም ወደ ስልኩ አፈጠጡ። እውነትም ከረድዋን ኋላ የቆሙት ጃንጥላዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙረዋል። እሱ ለጀርባቸው ነው የሚያወራው። ኑርሃን አፏ ውስጥ የነበረውን ቃል ረሳችው፤ ምን እንደምትፈራ እንኳ ለይታ ሳታውቅ ፈራች።

ረድዋን በዚያ በኩል ይህን አልሰማም። እየተራመደ ከቤቶቹ ማብቂያ ደረሰ። ከጀርባው ያቺ ጠባብ መንገድ ታየች፤ መሬቷም ግድግዳዋም ሳንቃ የሆነ፣ ጨለም ያለች መንገድ። «ጉብኝታችን እዚህ ላይ ያበቃል። አመሰግናለሁ» አለ በእንግሊዝኛ፤ ጣቱ ስልኩን ሊዘጋ መጣ።

«አታጥፋው!» አለች ኑርሃን።

ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«ያችን መንገድ አሳየን፣ ረድዋን። ካርታው ላይ ስም ያልሰጠሃትን።»

«እዚያ እኮ... እዚያ ምንም የለም፣ ኑሬ።»

«ምንም ከሌለ ምንም የሌለውን እንየዋ» አሉ ጋሽ አሊዪ። ድምፃቸው ሣጥን ሊገለብጡ ሲሉ የሚያወጡት ድምፅ ነበር።

ወዲያው ሳንቃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ቀይ ጃንጥላው መጣ። ኑርሃን ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ሁለት ወር በየቀኑ በሐሳቧ ስትስላት የከረመችው ሴት ይቺውና! ጃንጥላው ቀና አለ፤ ከሥሩ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ እናቷን የምትበልጥ ሴት ብቅ አለች። ሴትዮዋ ሰው እንደሚያያት አታውቅም። የረድዋንን ትከሻ መታ አድርጋ፣ እየሳቀች በእንግሊዝኛ ተናገረችው። ከዚያ ዞር ብላ እጇን ስታነሳ፣ እነዚያ ጃንጥላዎች በሙሉ ባንዴ ወደ እሷ ዞሩ።

«ይኸው!» አሉ ሐጂ ኸድር ጭናቸውን መትተው። «ነጂዋ ይቺ ናት!»

«ምን አለችው?» አሉ ጋሽ አሊዪ።

ኑርሃን ሁሉንም ሰምታለች። መጀመሪያ የተሰማት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስታ ነበር፤ ሌላ ሴት የለችም! ደስታው ግን ትንፋሽ ሳትወስድ አለፈና በቦታው ንዴት ገባ። ስንት ቅዳሜ? ስንት ጊዜ ስለ ሥራው ለጓደኞቿ በኩራት አውርታለች? ለእናቷ፣ ለተማሪዎቿ ሳይቀር!

«ኑርሃን፣ ምን አለችው ነው የምልሽ?»

አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ሴትዮዋ «ከእኔ አሳምረህ ታወራዋለህ» ብላዋለች፤ ያቺን ብቻ ነጥላ ብትተረጉም ውሸት አይሆንባትም፣ ማንም አያውቅባትም። ጋሼ መስፍን ሆቴል ቢኖራቸውም እንግሊዝኛቸው ክፍል ሞልቷል ከማለት አያልፍም። አባቷ ይረኩ ነበር፤ የካራቆሬዎቹ በመጡበት ይመለሱ ነበር። ወደ ስልኩ አየች። ረድዋን ፊቱ ላይ ዝናብ እየወረደ ዓይኑን ሳይነቅል ያያታል። አሁን አልሸሻትም።

«እኔ መተርጎም ደክሞኛል» አለች። «ረድዋን፣ ለአባቴ አንተው ተርጉምለት።»

ረድዋን ቀስ ብሎ የጃኬቱን ዚፕ እስከ ታች ከፈተው። ከሥሩ የሚያንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያ ለብሷል፤ ያሳየው መዳፍም በጉልበት ሥራ ሻክሯል።

«‹ዛሬም ታሪኬን እየሰረቅክ ነው? ከእኔ አሳምረህ ታወራዋለህ› አለችኝ፣ ጋሽ አሊዪ። ‹ግን ከትልቁ መርከብ የወረዱት ሰዎች እየመጡ ነው፤ የቆሻሻ በርሜሎቹ ሞልተዋል፤ መጥረጊያህንም መንገድ ላይ ትተኸዋል› አለችኝ። ኢንግሪድ ትባላለች። አስጎብኚዋ እሷ ናት። እኔ የመንገድ ጠራጊ ነኝ።»

ስልኩን አዞረው። በዚያች ስም የለሽ መንገድ ውስጥ አንድ ጋሪ፣ አራት በርሜልና ግድግዳ የተደገፈ መጥረጊያ ታዩ። ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ምስጢር ይኼው ነበር፤ ኑርሃን ልትስቅም ልታለቅስም አልቻለችም።

ጋሽ አሊዪ ከወንበራቸው ተነሡ።

«መጥረግ ነውር ነው አላልኩም። እኔ የጠየቅኩት ሥራውን ነበር፤ እሱ ግን ተረት ሰጠኝ። አባትን ያታለለ ልጅቱን አያታልልም?»

«ጋሽ አሊዪ፣ አንድ ነገር ልበልና ይፍረዱ» አለ ረድዋን። «አባቴ የእርስዎን ማንጎ በጀርባው መኪና ላይ ሲጭን የኖረ ሰው ነው። ገና ሽማግሌ ሳልልክ ‹ልጄን ለጫኝ ልጅ አልሰጥም› ብለው ነበር። ቃሉ ጆሮዬ ገብቶ ነው ኖርዌይ ያለው አጎቴ ዘንድ የሄድኩት። ታዲያ መጥረጊያ ይዤ ምን ብዬ ሽማግሌ ልላክ?»

ጋሽ አሊዪ ያሉትን ያስታውሳሉ።

«ኑርሃንን ግን ላታልላት ብዬ አልተነሣሁም። በመጀመሪያው ሳምንት ከኢንግሪድ ኋላ ኋላ እየጠረግሁ ታሪኩን ሰማሁት። የዚያኑ ቀን ደውዬ ነገርኳት። ‹የምታስጎበኘው አንተ ነህ?› ብላ ጠየቀችኝ። ድምፅዋ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር! አይደለሁም ማለት አቃተኝ። ከዚያ በየቅዳሜው የዕረፍት ሰዓቴን እየጠበቅሁ አስጎበኘኋት። ሦስት ዓመት ሙሉ የነበረችኝ ጎብኚ አንዲት ናት።»

ኑርሃን ያንን ጥያቄ መጠየቋን አስታወሰች። እንደዚያ ስትጠይቀው አልጋዋ ላይ ዘልላ ተቀምጣ ነበር። ንዴቷ ከቦታው ባይነቃነቅም አጠገቡ ሌላ ነገር መጥቶ ተቀመጠ።

«ለካስ የምትዞርለት አንዷ እዚህ ጓሮ ነበረች» አሉ ሐጂ ኸድር። ወዲያው የተናገሩት ስለ መንጋ እንደነበር ትዝ ሲላቸው አፍረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ኑርሃን ወደ ስልኩ ተጠጋች።

«ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ?»

ረድዋን ወደ መጥረጊያው ዞር ብሎ አየ። ከመስኮቱ ጀርባ እናቷ ትንፋሿን ስትስብ ተሰማ።

«አለ» አለ በመጨረሻ። «የአስጎብኚነት ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትኜ፣ ሁለቱንም ወድቄያለሁ። ቋንቋቸው አሸነፈኝ። መስከረም ላይ እንደገና እቀመጣለሁ። አልፋለሁ ብዬ ግን ቃል አልሰጥሽም፤ ላላልፍ እችላለሁ።»

ኑርሃን ስምንት ዓመት ሙሉ ልጆች አስተምራለች። ሊያታልል የመጣ ልጅ ማንም ሳያውቅበት የወደቀበትን ወረቀት ከቦርሳው አውጥቶ አያሳይም። ይህን ያህል ታውቃለች፤ ከዚህ በላይ ግን ለማንም መማል አትችልም።

ጋሽ አሊዪ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ስልኩ ወደ ቆመበት ሣጥን አዩ።

«እንግዲህ የሣጥኑን ሥር አየሁት» አሉ። «የተመታ አለበት።»

«የበሰበሰስ?» አሉ ሐጂ ኸድር።

«እሱን እኔ አልበላውም። የሚቀምሰው ሰው ይናገር።»

በርገን ላይ የመርከቡ ሰዎች ደርሰው ሳንቃውን በእግራቸው ሲያንጓጉት፣ ረድዋን አንድ ጆሮውን በእጁ ደፍኖ ለመስማት ይታገላል። ጋሽ አሊዪ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ኑርሃን፣ ልጄ። ሽማግሌዎቹ ባሉበት እጠይቅሻለሁ። ለዚህ ልጅ ብሰጥሽ ትፈቅጃለሽ? ወይስ የነገዎቹን ልጠብቅ?»

በኑርሃን ወገን ለዚህ ጥያቄ መልሱ ከጥንት የታወቀ ነው። የማትፈልግ ልጅ አልፈልግም ትላለች፤ የፈቀደች ዝም ትላለች። ዝምታዋ ቃሏ ነው። እናቷ ሰይዳም ዝም ብላ ነው የተዳረችው፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ብላ አታውቅም እንጂ።

ኑርሃን «አልፈልግም» የሚለውን ቃል ሁለት ወር ሙሉ አዘጋጅታዋለች። ማታ ማታ ትራሷ ላይ ተለማምዳዋለች። አሁንም ምላሷ ላይ ነበር። ውሸቱ ያማታል፤ ነገም ያማታል፤ ይህን በዋዛ እንደማትተውለት፣ ዓመት ሙሉ እያነሣች እንደምትጨቀጭቀው አወቀች። ዓመት ሙሉ ብላ ማሰቧ ራሷን አስደነገጣት፤ ለካ ከእሱ ጋር የሚያልፈውን ዓመት እየቆጠረች ነው። በዝናብ ውስጥ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ለማንም፣ ለአየሩ፣ ለእሷ ሲያወራ የኖረው ሰው ታያት። አፏን ከፈተች።

መልሳ ዘጋችው።

ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። የማንጎው ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም። ሼሁ በዚያ ጸጥታ ባንነው ነቁ።

«ምን አለች?» አሉ።

«ምንም» አሉ ሐጂ ኸድር፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ምንም አላለችም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሼሁ። ከመስኮቱ ጀርባ የሰይዳ እልልታ ሳትፈልገው አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ከወዲያ ግን ረድዋን የተጠየቀውንም አልሰማ፣ እልልታውም ከመርከቡ ሰዎች ጫጫታ ጋር ተደባልቆበታል። የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስልኩ ላይ የኑርሃን ፊት፣ ሳይንቀሳቀስ።

«ኑርሃን? ትሰሚኛለሽ? ኑርሃን!» ስልኩን ነቀነቀው። «ኔትወርክ ነው እንዴ? ደርቋል መሰለኝ... ኑሬ፣ በአላህ፣ አንድ ነገር በይኝ እንጂ! ስደቢኝም፣ ብቻ አንድ ቃል!»

ኑርሃን ስልኩን ከሣጥኑ ላይ አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው። እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ዝም ብላ አየችው።